መብራት ለሚጠፋበት ቢሮ የሲስተም ሎግ አዘገጃጀት

ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ሰርቨሩ በርቷል፣ ዳታቤዙ ግን አልተነሣም። ማሽኑን ያጠፋው መብራቱ ነው? ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው መሣሪያ) አልይዝ ብሎ ነው? ዲስኩ ቀድሞ ታሞ ነበር? ወይስ ሰው ገብቶበት ነው? ይህን የሚመልሰው የሲስተም ሎግ (ማሽኑ የሆነውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ) ነው፤ የሚመልሰው ግን ሦስት ነገሮች ከዚያች ሌሊት በፊት ከተሟሉ ነው። የማሽኖቹ ሰዓት አንድ መሆን አለበት፣ መልእክቱ ከሚጠፋው ማሽን ውጭ ሌላ ቦታም መጻፍ አለበት፣ ዲስኩም ሞልቶ ጽሕፈቱን ማቆም የለበትም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለማሟላት ነው።

ለምሳሌነት የያዝነው ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ሕንፃዎች በብዛት የሚታየውን ዓይነት ቢሮ ነው፦ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የሚባለው ሊነክስ የተጫነባቸው ሁለት ሰርቨሮች፣ አንድ የፍሪቢኤስዲ ፋየርዎል (ከውጭ የሚገባውን የሚያጣራ ማሽን)፣ አንድ ስዊች (ማሽኖቹን በኬብል የሚያገናኝ)፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ። በዚህ ላይ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይጨመራል፤ 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ዲስክ ካለው ለሎግ ሰርቨርነት ከበቂ በላይ ነው። አድራሻው 192.168.10.5 ይሁን።

የትዕዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ተርሚናል ላይ ሲያስገቡ በላቲን ፊደል ነው፤ ትልቅ ፊደል ካላልን በስተቀር ሁሉም በትንሹ ይጻፋል። ነጥብ፣ ስላሽ፣ ኮከብ፣ ሰረዝና ቁጥር እንዳሉ ይገባሉ።

መጀመሪያ ሰዓቱ

ብዙ ሰው ሲስሎግን (የሎግ መልእክቶችን ተቀብሎ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም) ከፍቶ መስመር መጨመር ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከሰዓት ነው። በሁለት ማሽኖች መካከል የ4 ደቂቃ ልዩነት ካለ ፋየርዎሉ ላይ የታየው ሙከራና ሰርቨሩ ላይ የታየው ሎጊን የትኛው እንደቀደመ ማንም ሊናገር አይችልም።

በእያንዳንዱ የሊነክስ ማሽን ላይ፦

ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ

እዚህ የሦስቱም ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው፤ በአዲስና በአበባ መካከል ያለውም የታች መስመር እንጂ ክፍት ቦታ አይደለም። ፍሪቢኤስዲ ላይ «ቲዜድሴትአፕ» ብለው ከዝርዝሩ ይምረጡ። ከዚያ ማሽኑን አንዴ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል፤ ሥራ ላይ ያሉ ሰርቪሶች የሰዓት ቀጠናውን የሚያነቡት ሲነሡ ነውና አሮጌውን ይዘው ይቀጥላሉ።

ቀጥሎ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ይጫኑ፦ አፕት ኢንስቶል ክሮኒ። አደረጃጀቱ ግን እያንዳንዱ ማሽን በየራሱ ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲለምን መሆን የለበትም። ከውጭ ሰዓት የሚወስደው የሎግ ሰርቨሩ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ። በሎግ ሰርቨሩ የክሮኒ ፋይል ውስጥ ሁለት መስመር ይጨመራል፦

አላው 192.168.10.0/24
ሎካል ስትራተም 10

ሁለተኛው መስመር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው ዋጋው የሚታወቀው። እሱ ከሌለ ሎግ ሰርቨሩ «ሰዓቴን እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል፤ ሌሎቹም ከእሱ መውሰዳቸውን ያቆሙና እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይሄዳሉ። እሱ ካለ ግን ኢንተርኔቱ ለሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ ማሽኖቹ ሁሉ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ለሎግ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ስምምነት ነው። «ክሮኒሲ ትራኪንግ» ብለው ልዩነቱ ከሰከንድ በታች መሆኑን ያረጋግጡ።

መብራት በተመለሰ ቁጥር ማሽኑ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ቀን የሚነሣ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። 3 ቮልት ያላት፣ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ክብ ባትሪ ናት፤ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ አትጠፋም። እሷ ሳትቀየር ክሮኒ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደርዘን መስመሮች በተሳሳተ ቀን ይጻፋሉ። ከመብራት መቋረጥ በኋላ በጣም የምንፈልጋቸው ደግሞ እነዚያኑ ነው።

የሀበሻ ሰዓትና የሎግ ሰዓት

የማሽኑን ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር ለመሙላት ፈጽሞ አይሞክሩ። ሎጉ በራሱ አቆጣጠር ይሂድ፣ ሰዎች በራሳቸው፤ ልወጣውን ግን ሎግ ሰርቨሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ ስህተት የሚበዛው ግን ቀኑ ላይ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው «ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ላይ መብራት ሄደ» ሲሉ ሎጉ ውስጥ የሚፈለገው የማክሰኞ 02:10 ነው፤ ሎጉ ቀን የሚቀይረው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ። «ሰኞ ማታ 5 ሰዓት» ካሉ ደግሞ የሰኞ 23:00 ነው። አንድ መሣሪያ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚጽፍ ከሆነ ሌላ 3 ሰዓት ይቀነሳል፤ ያው የማክሰኞ 02:10 እዚያ የሰኞ 23:10 ሆኖ ይገኛል። አንዱን ክስተት ሁለት ቀን የሚያስመስለው ይህ ነው።

እያንዳንዱ መልእክት የተሸከማቸው ሁለት ነገሮች

ሲስሎግ በ1980ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ኦልማን ከሴንድሜይል ጋር የሠራው ነው። ያኔ የተቀመጠው አከፋፈል ዛሬም አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ መልእክት ምንጭና ክብደት ይዞ ይመጣል።

ምንጩ ፋሲሊቲ ይባላል፦ ከርን የከርነሉ ነው፣ ኦውዝና ኦውዝፕሪቭ የመግቢያና የፓስወርድ ጉዳይ፣ ዲመን የሰርቪሶች፣ ሜይል፣ ክሮን፣ ከሎካል0 እስከ ሎካል7 ያሉት ደግሞ ለራስዎ ፕሮግራሞች የተተዉ ናቸው። ክብደቱ ሰቨሪቲ ነው፤ ከ0 እስከ 7 ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ባነሰ ጊዜ ነገሩ ይከብዳል፦ ኢመርጅ 0፣ አለርት 1፣ ክሪት 2፣ ኤር 3፣ ዋርኒንግ 4፣ ኖቲስ 5፣ ኢንፎ 6፣ ዲበግ 7።

በኔትወርክ ሲጓዝ ሁለቱ አንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ የምንጩ ቁጥር በ8 ተባዝቶ ክብደቱ ይደመርበታል። የኦውዝ ቁጥር 4 ስለሆነ ኦውዝ.ኢንፎ 38 ይሆናል፤ የሎካል0 ቁጥር 16 ስለሆነ ሎካል0.ኢንፎ 134 ነው። በ«ቲሲፒደምፕ» ኔትወርኩን ሲያዳምጡ በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ የሚያዩት ቁጥር ይኸው ነው። ስዊቹ በየትኛው ምንጭ እንደሚልክ መመሪያው ካልነገረዎት ቁጥሩን ለ8 ያካፍሉት።

የውቅሩ መስመር «ምንጭ.ክብደት» ብሎ መድረሻውን ያስከትላል። ለምሳሌ፦

*.ኢንፎ;ኦውዝፕሪቭ.ነን;ሜይል.ነን    /ቫር/ሎግ/ሜሴጅስ
ኦውዝ,ኦውዝፕሪቭ.*    /ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። ሜይል.ኤር ሲባል ኤር ብቻ ሳይሆን ኤርና ከእሱ የከበደው ሁሉ ማለት ነው፤ ያንን ብቻ ከፈለጉ በነጥቡና በቃሉ መካከል የእኩል ምልክት ይግባ። ሁለተኛ፣ የኋላው የፊተኛውን ስለሚሽር «ነን» ሁልጊዜ ከኮከቡ በኋላ ነው የሚጻፈው፤ ቦታ ቢለዋወጡ ማግለሉ ቀርቶ ሁሉም ይገባል። ሦስተኛ፣ እንደ ሶላሪስ ባሉ ቆየት ያሉ ዩኒክሶች በሁለቱ ዓምዶች መካከል ታብ እንጂ ስፔስ አይፈቀድም። ከዌብ ገጽ ገልብጠው ሲለጥፉ ታቡ ወደ ስፔስ ይለወጥና መስመሩ ትክክል መስሎ ሳይሠራ ይቀራል።

የኦውዝ ፋይሉን ፈቃድ 0640 አድርገው ባለቤትነቱን ለአስተዳዳሪዎች ቡድን ብቻ ይስጡ። ሰዎች በችኮላ ስማቸው መግባት ባለበት ቦታ ፓስወርዳቸውን ይጽፋሉ። ሲስተሙም «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» ብሎ ያንን ፓስወርድ እንዳለ ሎጉ ላይ ያሰፍረዋል። ይህን ፋይል ማንም እንዲያነበው መተው የፓስወርድ ዝርዝር በር ላይ እንደመለጠፍ ነው።

ጆርናልዲን መብራት እንዲችል ማድረግ

በዴቢያንና በኡቡንቱ መልእክቱን መጀመሪያ የሚቀበለው የሲስተምዲ ጆርናል (ጆርናልዲ) ነው፤ እሱ ለአርሲስሎግ፣ ለዛሬው የሲስሎግ ፕሮግራም፣ ያቀብላል። ዴቢያን 12 ላይ አርሲስሎግ ሳይጫን ስለሚመጣ «አፕት ኢንስቶል አርሲስሎግ» ማለት ያስፈልጋል።

ጆርናሉ /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባል ዲሬክተሪ ከሌለ ሁሉንም ራም ላይ ይይዛል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ካለ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ግን በነባሪው ወደ ዲስክ የሚያራግፈው በየ5 ደቂቃው ነው። ወዲያው የሚራገፉት ከክሪት ጀምሮ ያሉት ከባዶቹ ብቻ ናቸው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች የሚጠፉት በዚህ ነው። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ፦

ስቶሬጅ=ፐርሲስተንት
ሲስተምማክስዩዝ=1ጂ
ሲንክኢንተርቫልሴክ=30ኤስ

ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያሉት ስሞች የእያንዳንዱ ቃል መጀመሪያ በትልቅ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይጻፋሉ፤ ጂውም ትልቅ ነው። ገደብ ካልሰጡት ጆርናሉ የፋይል ሲስተሙን 10 ከመቶ ድረስ ይወስዳል፤ ጣሪያው 4 ጊጋባይት ነው። 30 ሰከንዱ የዲስኩን ሥራ ትንሽ ያበዛበታል፤ ለቢሮ ሰርቨር የሚሰማ ነገር አይደለም።

ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ በጆርናሉ ዲሬክተሪ ውስጥ በማዕበል ምልክት (~) የሚያልቅ ፋይል ቢያዩ አይሰርዙት። ጆርናልዲ በወጉ ያልተዘጋውን ፋይል ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ጀምሮ ነው፤ ያ የተገለለው ፋይል አሁንም ይነበባል።

ሎግ ሰርቨሩ

አሁን ዋናው። የማሽን የመጨረሻ ቃል ከማሽኑ ውጭ መቀመጥ አለበት። በሎግ ሰርቨሩ ላይ /ኢቲሲ/አርሲስሎግ.ዲ/10-ሪሞት.ኮንፍ የሚል ፋይል ይፍጠሩና ይህን ይጻፉ፦

ሞጁል(ሎድ="አይኤምቲሲፒ")
ሞጁል(ሎድ="አይኤምዩዲፒ")
ቴምፕሌት(ኔም="አድራሻ" ታይፕ="ስትሪንግ" ስትሪንግ="/ቫር/ሎግ/ሪሞት/%ፍሮምሆስት-አይፒ%/ሲስሎግ.ሎግ")
ሩልሴት(ኔም="ሪሞት") {
አክሽን(ታይፕ="ኦኤምፋይል" ዳይናፋይል="አድራሻ" ቴምፕሌት="አርሲስሎግ_ፋይልፎርማት" ፋይልክሬትሞድ="0640" ዲርክሬትሞድ="0750")
}
ኢንፑት(ታይፕ="አይኤምቲሲፒ" ፖርት="514" ሩልሴት="ሪሞት")
ኢንፑት(ታይፕ="አይኤምዩዲፒ" ፖርት="514" ሩልሴት="ሪሞት")

«አርሲስሎግ_ፋይልፎርማት» የሚለው የአርሲስሎግ የራሱ ስም ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ በትልቅ ፊደል፣ ከታች መስመሩ በኋላም ሁለቱ ኤፎች በትልቁ ይጻፋሉ። ጥቅሙ ዓመቱንና ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት በየመስመሩ መጻፉ ነው፤ አሮጌው አጻጻፍ ወር፣ ቀንና ሰዓት ብቻ እንጂ ዓመት የለውም። ሩልሴቱ ደግሞ ከውጭ የመጣው ከሎግ ሰርቨሩ የራሱ መልእክት ጋር እንዳይቀላቀል ይለየዋል።

ፋይሉን በላኪው በተናገረው ስም ሳይሆን በአይፒ አድራሻ የከፈልነው ሆን ብለን ነው። ስሙን መልእክቱ ውስጥ የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው፤ ሁለት ማሽኖች «ሎካልሆስት» ነን ብለው ቢልኩ አንድ ፋይል ውስጥ ይደባለቃሉ።

ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ የሚሠራው በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሳይሆን ሲስሎግ በሚባል ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ዲሬክተሪውን አስቀድመው ፈጥረው «ቻውን ሲስሎግ፡ኤዲኤም /ቫር/ሎግ/ሪሞት» ካላሉ ሰርቪሱ ያለ ስህተት ተነሥቶ ምንም ፋይል ሳይፈጥር ይቀመጣል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው የላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው።

የሎግ ሰርቨሩን የራሱን ፋየርዎል ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ይክፈቱ፤ በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልከው መንገድ) የሚመጣን መልእክት ላኪ ማንም ሊያስመስለው ይችላል፦

ዩኤፍደብልዩ አላው ፍሮም 192.168.10.0/24 ቱ ኤኒ ፖርት 514

ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት «አርሲስሎግዲ -ኤን1» ብለው ያስፈትሹ፤ ኤኑ ትልቅ ነው። የተሳሳተውን መስመር ቁጥር ይነግርዎታል። ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት አርሲስሎግ»። የቀድሞው ሲስሎግዲ የሃፕ ሲግናል ሲደርሰው ውቅሩን እንደገና ያነብ ነበር። አርሲስሎግ ግን ፋይሎቹን ዘግቶ ይከፍታል እንጂ ውቅሩን አያነብም። በዚያ ልማድ «ለውጤዋለሁ፣ ግን አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ላኪዎቹ

በእያንዳንዱ የሊነክስ ሰርቨር ላይ /ኢቲሲ/አርሲስሎግ.ዲ/90-ላክ.ኮንፍ ይፍጠሩ፤ ስሙ የፈለጉት ሊሆን ይችላል፣ መጨረሻው ብቻ አይቀየር፦

ሞጁል(ሎድ="አይኤምማርክ" ኢንተርቫል="300")
*.* አክሽን(ታይፕ="ኦኤምኤፍደብልዩዲ" ታርጌት="192.168.10.5" ፖርት="514" ፕሮቶኮል="ቲሲፒ" ኪው.ታይፕ="ሊንክድሊስት" ኪው.ፋይልኔም="ላክ" ኪው.ማክስዲስክስፔስ="1ጂ" ኪው.ሴቭኦንሻትዳውን="ኦን" አክሽን.ሪዚዩምሪትራይካውንት="-1")

የመጀመሪያው መስመር በየ300 ሰከንዱ «ማርክ» የምትል አንዲት መስመር ያስጽፋል። ማሽኑ ሌላ የሚናገረው ባይኖረው እንኳ በየ5 ደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ ጥቅሟን ከታች እናየዋለን።

በሁለተኛው ውስጥ ወሳኙ ነገር ወረፋው ነው። ሎግ ሰርቨሩ ሲጠፋ መልእክቶቹ ራም ላይ ይሰለፋሉ፣ ሲበዙ ወደ ዲስክ ይፈስሳሉ፣ ሰርቨሩ ሲመለስ በተራቸው ይላካሉ። ቅነሳ አንዱ (-1) ማለት «ተስፋ ሳትቆርጥ ሞክር» ነው፤ ነባሪው 0 ስለሆነ እሱ ካልተጻፈ መልእክቱ ይጣላል። የፋይል ስሙን ካልሰጡትም ወረፋው ራም ላይ ብቻ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ገና ራም ላይ ያለው የወረፋው ክፍል መብራት በድንገት ሲሄድ ይጠፋል። ይህ የማይታገሡት ከሆነ የወረፋውን ዓይነት «ዲስክ» ማድረግ ይቻላል፤ ይዘገያል፣ ለጥቂት መልእክት ግን ምንም አይልም።

ታርጌቱ ላይ ስም ሳይሆን አይፒ ይጻፉ። መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ስምን ወደ አይፒ የሚፈታው ዲኤንኤስ ከሰርቨሮቹ ዘግይቶ ከተነሣ ስሙ አይፈታም።

ፋየርዎሉ ላይ ፍሪቢኤስዲ ይዞት የሚመጣው ሲስሎግዲ የሚልከው በዩዲፒ ብቻ ነው። /ኢቲሲ/ሲስሎግ.ኮንፍ ውስጥ አንዲት መስመር ትበቃለች፦

*.*    @192.168.10.5

ቦታዋ ግን ወሳኝ ነው። በዚያ ፋይል መጨረሻ ላይ በቃለ አጋኖ የሚጀምሩ፣ የፕሮግራም ስም የያዙ መስመሮች አሉ፤ ከእነሱ በታች የተጻፈ ሁሉ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ መስመርዎን ከእነሱ በላይ ያስገቡት። ከዚያ «ሰርቪስ ሲስሎግዲ ሪሎድ»። ቀጠናው ዩቲሲ ላይ እንደቀረ ከሆነ መልእክቱ ቀጠናን ስለማይናገር ሎግ ሰርቨሩ የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ የፋየርዎሉ መስመሮች ሁሉ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተው ያገኟቸዋል።

ስዊቹ ላይ ሎግ ሰርቨር የሚለው ቦታ አይፒውን፣ ክብደቱን ኢንፎ፣ የሰዓት ምንጩን ደግሞ ያንኑ 192.168.10.5 ይስጡት። ሰዓቱን መያዝ የማይችል ርካሽ መሣሪያ ካለ ለእሱ ብቻ «ታይምጀነሬትድ» የሚለውን፣ ሎግ ሰርቨሩ መልእክቱን የተቀበለበትን ሰዓት የሚጽፍ ቴምፕሌት ያዘጋጁ።

ስዊቹ ራሱ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ። ሰርቨሩና ሎግ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ላይ ሆነው ስዊቹ ግድግዳው ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ «መብራት ሄደ» የሚለው መልእክት መንገድ ያጣል። አንድ ትንሽ ስዊች የሚወስደው ጉልበት ከቁም ነገር አይገባም፤ ሳይሰካ ሲቀር ግን የዚህ ሁሉ ድካም ግማሹ ይባክናል። ከተቻለ ሎግ ሰርቨሩ የራሱ ሌላ ዩፒኤስ ይኑረው።

መፈተን

ከላኪው ማሽን፦

ሎገር -ፒ ሎካል0.ኖቲስ -ቲ ሙከራ "አንድ"

ሎግ ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ ካልተፈጠረ በመካከል ያለውን በቅደም ተከተል ይመልከቱ። «ቲሲፒደምፕ ፖርት 514» ላይ እሽጉ ከታየ ችግሩ በፋየርዎል ወይም በፋይል ፈቃድ ነው፤ ካልታየ በላኪው ወይም በኬብሉ።

ቀጥሎ ከባዱን ፈተና ያድርጉ። የላኪውን የኔትወርክ ኬብል ይንቀሉ፣ ከ1 እስከ 100 ቁጥር የያዙ መልእክቶችን በሎገር ይጻፉ፣ 5 ደቂቃ ይቆዩ፣ ኬብሉን ይመልሱ። ሎግ ሰርቨሩ ላይ ቁጥሮቹን ይቁጠሩ። ኬብሉ ሲነቀል በመንገድ ላይ የነበሩ ጥቂቶች በተራ ቲሲፒ ሊጎድሉ ይችላሉ፤ ጉድለቱ መጀመሪያ ላይ ካሉት ከአንድ ሁለቱ ካለፈ ወረፋው እየሠራ አይደለም፣ የፋይል ስሙን እንደገና ይዩት። አንድም እንዳይጎድል ከፈለጉ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ «ደርሶኛል» የሚልበትን ሬልፕ የሚባለውን ሞጁል በሁለቱም ወገን ይጫኑ።

ዲስኩ

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ መልእክት በአማካይ 150 ባይት ነው እንበል። ቢሮው በጠቅላላ በሰከንድ 5 መልእክት ቢያመነጭ በቀን 65 ሜጋባይት ገደማ፣ በዓመት 24 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ሳይጨመቅ። ፋየርዎሉ ግን እያንዳንዱን እሽግ እንዲመዘግብ ከተተወና በሰከንድ 200 ከጻፈ በቀን 2.6 ጊጋባይት ነው፤ 500 ጊጋባይቱ ስድስት ወር ተኩል እንኳ አያቆይም። የተከለከለውን ብቻ እንዲጽፍ ያድርጉት።

ስንት ጊዜ መያዝ እንዳለበት የሚወስነው የሥራው ዓይነት ነው። አገልግሎት ሰጪ የሆነ ድርጅት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲይዝ ስለሚያዝ ከዚያ በታች አይውረድ። ለዚህ ምሳሌ 365 ቀን ወስደናል። አሮጌውን ፋይል በየቀኑ እየለየ የሚያስቀምጠው ሎግሮቴት የሚባለው ፕሮግራም ነው። /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ/ሪሞት፦

/ቫር/ሎግ/ሪሞት/*/ሲስሎግ.ሎግ {
ዴይሊ
ሮቴት 365
ዴትኤክስት
ኮምፕረስ
ዲሌይኮምፕረስ
ሚሲንግኦኬ
ኖትኢፍኤምፕቲ
ክሬት 0640 ሲስሎግ ኤዲኤም
ሼርድስክሪፕትስ
ፖስትሮቴት
/ዩኤስአር/ሊብ/አርሲስሎግ/አርሲስሎግ-ሮቴት
ኤንድስክሪፕት
}

ዴቢያን ላይ በክሬት መስመር ከሲስሎግ ይልቅ ሩት ይጻፉ። ፖስትሮቴቱ ከተረሳ አርሲስሎግ ስሙ በተቀየረው አሮጌ ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ አዲሱ ባዶ ሆኖ ይታያል። «ሎግሮቴት -ዲ» ብለው ምንም ሳይነካ ምን እንደሚያደርግ ይዩ። «ፈቃዱ ለደኅንነት አያስተማምንም» የሚል ስህተት ከሰጠ ዲሬክተሪው ለቡድኑ የመጻፍ ፈቃድ አለው ማለት ነው፤ ፈቃዱን ወደ 0750 ያውርዱት።

ሎግሮቴት በቀን አንዴ ነው የሚነሣው። የመጠን ገደብ ቢጽፉም የሚታየው ያኔ ብቻ ስለሆነ አንድ ፕሮግራም ዲበግ ላይ ተረስቶ ሌሊቱን ቢለፈልፍ ዲስኩ ከጠዋት በፊት ሊሞላ ይችላል። /ቫር/ሎግን ለብቻው ፓርቲሽን መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ሎጉ ሲሞላ ሲስተሙ አብሮት እንዳይታነቅ።

ዲስኩ ከሞላ ደግሞ ትልቁን ፋይል በ«አርኤም» አይሰርዙት። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም፤ ፋይሉ ጠፍቶ ዲስኩ እንደሞላ ይቀራል። «ትራንኬት -ኤስ 0» ብለው ባዶ ያድርጉት። ቀድሞ ተሰርዞ ከሆነ «ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» የያዘውን ፕሮግራም ያሳያል፤ ኤሉ ትልቅ ነው።

መብራት ከሄደ በኋላ ማንበብ

ወደ ማክሰኞ ሌሊት እንመለስ። ዩፒኤሱን የሚከታተለው ኤንዩቲ ተጭኖ ነበር እንበል። ሎግ ሰርቨሩ ላይ የሰርቨሩ ፋይል እንዲህ ይነበባል፦

02:02:31 ዩፒኤስ በባትሪ እየሠራ ነው
02:05:12 ማርክ
02:10:12 ማርክ
04:37:18 ከርነል፦ ሊነክስ ቨርዥን...

መብራቱ የሄደው 02:02 ላይ ነው፣ በእኛ ሌሊት 8 ከ2። ሰርቨሩ 02:10:12 ላይ በሕይወት ነበር፤ የ02:15:12ቷ ማርክ ግን አልመጣችም። ስለዚህ ዩፒኤሱ የያዘው ከ7 ደቂቃ ተኩል በላይ፣ ከ13 ደቂቃ በታች ነው። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ደግሞ የሌለው መስመር ነው፦ በወጉ የሚዘጋ ማሽን ላይ አርሲስሎግ «በሲግናል 15 እየወጣሁ ነው» የሚል መስመር ጽፎ ይሄዳል። እዚህ የለም። ማሽኑ አልተዘጋም፤ ተቆርጦ ወደቀ። ስለዚህ ዳታቤዙ ለምን እንዳልተነሣ ታወቀ፤ የሚስተካከለውም ዩፒኤሱ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን እንዲያዘጋው የማዘዙ ነገር ነው።

የሰርቨሩን የራሱን ፋይል ሲፈልጉ «ግሬፕ» ጽሑፉን ከማሳየት ይልቅ ባይነሪ ፋይል ነው ብሎ ዝም ካለ፣ ድንገት ሲቋረጥ መጨረሻው ላይ ባዶ ባይቶች ተሞልተዋል ማለት ነው። «ግሬፕ -ኤ» ያነበዋል። «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» ከመጨረሻው ቡት በፊት የነበረውን ያሳያል፤ «ላስት -ኤክስ» ደግሞ በወጉ ያልተዘጋውን ክራሽ ብሎ ይለየዋል።

ዝም ያለውን ማሽን መያዝ

የሚያስፈራው ስህተት የሚያወራ ማሽን ሳይሆን መላክ ያቆመ ማሽን ነው። ማርክ በየ5 ደቂቃው ስለሚመጣ የሊነክስ ሰርቨር ፋይል 15 ደቂቃ ካልተነካ የሆነ ነገር ተቋርጧል። በሎግ ሰርቨሩ ክሮን (ትዕዛዝን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስኬደው) ላይ በየ15 ደቂቃው፦

ፋይንድ /ቫር/ሎግ/ሪሞት -ኔም ሲስሎግ.ሎግ -ኤምሚን +15

ውጤት ካለ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኢሜይል ይላክ። ከላይ በሎግሮቴቱ «ክሬት» የሚለውን ያስገባነው ለዚህም ነው፤ እሱ ከሌለ ፋይሉ ከተሽከረከረ በኋላ ዝም ያለው ማሽን ፋይል ጨርሶ ስለማይኖር ፋይንድም አያገኘውም። ፋየርዎሉና ስዊቹ ማርክ ስለማይልኩ ለእነሱ ሌላ መስመር ጽፈው ገደቡን ወደ 24 ሰዓት ያርዝሙት፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ሲዘጋ በከንቱ እንዳይጮህ።